ጥርስ ያለው ጎማ

ሕዝብ መሀል እየኖሩ ብቻ መሆን ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ግን በዚያን ዘመን እንዴት እኖር እንደነበር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ የደረሰብኝ ነገር የሞተር አደጋ ብቻ ይመስላችኋል።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ቢቸና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። ገበሬው "ዶክተር" ይለኛል እንጂ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ባለቤቴ ፋንታነሽ ቤሩት ከሄደች አምስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት በየእሑዱ ትደውል ነበር። በሁለተኛው ዓመት በወር አንዴ ሆነ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። አንድ ነገር ሆናለች እንዳልል፣ አብራት የሄደች ልጅ ለእናቷ ስትደውል "ፋንታነሽ ደህና ናት፣ ሥራ ቀይራለች" ብላለች። ደህና ናት። ከዚህ የበለጠ የሚጎዳ ወሬ ሰምቼ አላውቅም።

ቢቸና ደግሞ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ከቤቴ ወጥቼ መሥሪያ ቤት እስክደርስ አራት አምስት ሰው "ፋንታነሽ ደወለች?" ይለኛል። ክፋት የለውም፤ ለአሳቢነት ነው። ግን ሁልጊዜ "የለም" ስል ጠያቂው ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ። ስለዚህ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። ምሳዬን ሻይ ቤት መብላት ትቼ ቤቴ በላሁ። በመጨረሻም ከተማውን ራሱን ሸሸሁ። ወደ ቆላው የሚወርደውን ቀበሌ ከባለሙያው አንድም የሚፈልገው አልነበረም። "ለእኔ ይሁን" አልኩ። ኃላፊያችን ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ፈረሙልኝ።

የቆላው መንገድ መኪና አያስገባም። እኛ ግን ሥራውን ጨርሶ የሄደ አንድ ፕሮጀክት የተወልን ባለ አራት ጎማ ሞተር ነበረን። እንደ በቅሎ ተፈናጠው የሚነዱት፣ ከኋላው ዕቃ መጫኛ ብረት ያለው ነው። ሌላ የሚነዳው ስላልነበረ የእኔ ሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እወርዳለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ እወጣለሁ። ሜዳው አልቆ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ አንዲት ቤት አለች። የቤቷ ባለቤት እትዬ እናኑ የሚባሉ፣ ሃምሳውን ያለፉ ባልቴት ናቸው። ሁልጊዜ ሳልፍ እጄን ብቻ አነሳላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ አህያቸው አንክሳ አስቁመውኝ አየሁላቸው። ጠላ ቀድተው ሲያቀርቡልኝ "እቸኩላለሁ" ብዬ ሄድኩ። የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም።

በዚያ ክረምት የሞተሩ ጎማዎች አለቁ። ሁለቱ መላጣ ሆነዋል፤ አንደኛው ተለጥፎ ተለጥፎ የሚለጠፍበት ቦታ አጥቷል፤ የአራተኛው ቸርኬ ድንጋይ መትቶት ተጣሟል። እንዲህ ያለ ጎማ ቢቸና አይገኝም። ሞጣ አንድ ጎሚስታ ከወዳደቁ ሞተሮች የፈታቸው እንዳሉት ሰማን፤ ኃላፊዬም "ሄደህ መርጠህ አምጣ" አሉኝ። አንዱን አሮጌ ጎማ ከነቸርኬው ለልክ ያህል ፈትቼ፣ በአውቶቡስ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ።

ጎሚስታው ጋሽ ይሁኔ ይባላሉ። ጠይም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ሰው ሳይሆን ጎማ የሚያዩ ሰው ናቸው። ያመጣሁትን አሮጌ ጎማ ተቀብለው መሬት ላይ አንከባለሉት፤ ጠርዙን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ከጓዳቸው ሁለት ዓይነት ጎማ አወጡ።

አንደኛው ሰፋ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ለስላሳ ነው። ቸርኬው አሉሚኒየም ሆኖ እንደ መስታወት ያበራል። ሁለተኛው ጠበብና ከፍ ያለ፣ ቸርኬው የዛገ ብረት፣ ፊቱ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጥርስ የበቀለበት፣ ሲያዩት የሚያስጠላ ነው። የሁለቱም የቡሎን ቀዳዳ ከእኔው ጋር ገጠመ። እጄ ወደሚያበራው ሄደ።

"ቆይ" አሉ ጋሽ ይሁኔ። "የት ነው የምትነዳው?"

"ከቢቸና ወደ ቆላው።"

"መሬቱ ምንድን ነው?"

"ላዩ ዋልካ ነው፣ ታቹ ድንጋይ።"

"ከኋላህ ሰው ትጭናለህ?"

"አልጭንም።"

"አንድም ቀን?"

"አንድም ቀን።"

"ጭቃ ሲይዝህ ማን ይገፋልሃል?"

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። "ማንም" አልኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። "እንግዲያስ ይቺን ተዋት" አሉና የሚያበራውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። "ለስላሳ ጎማ ገፊ ላለው ሰው ነው። አንተ ጥርስ ያለውን ውሰድ።"

እሺ አልኩ። አራቱን አንድ ላይ እያሰሩልኝ ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። "ይሄ ጎማ ሞተሩን ከፍ ያደርገዋል። ተዳፋት ላይ በጎን እንዳትሄድ፤ ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል። ነፋሱንም እንዳታበዛ። በአውራ ጣትህ ስትጫነው ግባ ግባ ይበል። እንደ ባጃጅ ጎማ ከወጠርከው ድንጋይ ሲነካ እንደ ኳስ ያነጥርሃል።"

ቢቸና ተመልሼ ጎማዎቹን ገጠምኩ። ነገር ግን እሳቸው እንዳሉት ለቀቅ ሲሉ ሳያቸው የተነፈሱ መሰሉኝ። በግቢው የሚያልፍ አንድ ሠራተኛም "ዶክተር፣ አዲሱም ጎማ እንደ አሮጌው ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ሰው አይስቅብኝ ብዬ እስኪጮሁ ድረስ በነፋስ ወጠርኳቸው።

በሳምንቱ ከቆላው ሁለት በሬዎች በድንገት መሞታቸው ተነገረን። አባ ሰንጋ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ማክሰኞ ጠዋት ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዤ ወረድኩ። እትዬ እናኑን ደጃቸው ላይ አላየኋቸውም፤ አላየኋቸውም ብዬም አላሰብኩ። ቁልቁለቱን ግማሽ ያህል እንደወረድኩ የሌሊቱ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት አገኘሁ። መመለስ ነበረብኝ። ግን ታች ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ ይጠብቀኛል፤ ጎማውም አዲስ ነው። ከመንገዱ ወጣሁና በተዳፋቱ ላይ በጎን ተሻገርኩ።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ የላይኛው ጎማ ሣር ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ ነካ። ነጠረ። ያን ጊዜ የጋሽ ይሁኔ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፤ ግን ሞተሩ በአንድ ጎኑ ተነስቶ ነበር። ዘለልኩ። አንዱ እግሬ አልዘለለም።

ስነቃ ነው ልበል ስረጋጋ፣ ጠባብ ፈፋ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ሞተሩ ቀኝ እግሬን ከጉልበቴ በታች ተጭኖታል። ቤንዚን ይሸታል። የበረዶ ሳጥኑ ተንከባሎ ከእኔ አሥር ክንድ ርቆ ተገልብጧል። ሰዓቴን አየሁ፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት።

ሞተሩን ገፋሁ። ንቅንቅ አላለም። እግሬን ስስብ ከአጥንቴ የወጣ ሕመም ዓይኔን አጨለመው። ተጣራሁ። "ሰው! የሰው ያለህ!" ገደሉ መለሰልኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ እዚያ ገደል ውስጥ ኔትወርክ ኖሮ አያውቅም።

ከዚያ አንድ ነገር አደረግሁ፤ ዛሬም ሳስበው ከስብራቱ ይልቅ ያመኛል። ማን እንደሚፈልገኝ ማሰብ ጀመርኩ። ታች ያሉት ገበሬዎች ካልደረስኩ "ዝናቡ አስቀርቶት ነው" ብለው ይበተናሉ። መሥሪያ ቤት ማክሰኞ ከቆላ ስመለስ በቀጥታ ቤቴ ስለምገባ ዛሬ አይጠብቁኝም። ነገ ብቀር "አሞት ይሆናል" ይላሉ፤ ዝምተኛ ሰው ቢቀር ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። አከራዬ የቤቴ በር ተዘግቶ ሲያዩ መስክ አደረ ይላሉ፤ አንድም ቀን የት እንደምሄድ ነግሬያቸው አላውቅም። ረቡዕ አለፈ። ሐሙስ። ምናልባት ሐሙስ ከሰዓት ኃላፊዬ ሪፖርት ሲፈልጉ ስሜ ይነሳል። ሐሙስ! ይህን ኑሮ ማንም ሠርቶ የሰጠኝ የለም። እኔው በየቀኑ በጓሮ መንገድ እየሄድኩ ሠራሁት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ዝናቡ መጣ። የደጋው ዝናብ ነው፤ ሲመጣ አያንጠባጥብም። ትንሽ ቆይቶ ፈፋው ውስጥ ውኃ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ጀርባዬን አረጠበኝ። ከዚያ ጆሮዬ ደረሰ። በክርኔ ተደግፌ ቀና አልኩ። ውኃው ሆዴ ላይ ወጣ፤ ቡናማ ነው፣ ቅጠልና ፍግ ይዟል። እግሬ ሥር ያለውን አፈር በጣቶቼ መቧጠጥ ያዝኩ። የቧጠጥኩትን ጎርፉ መልሶ ይሞላዋል። ጥፍሮቼ ደሙ። ጸለይኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ እኔ ግን "ፋንታነሽ" ነው ያልኩት። ደጋግሜ ጮክ ብዬ ጠራኋት። ከእሷ መልስ ጠብቄ አይደለም። ስሟን ለማንም ሳልጠራ ዓመት ስላለፈኝ ነው።

ውኃው ደረቴ ላይ ደርሶ ቆመ። ዝናቡ አባራ። እኔ ግን ከላይ ሌላ ጎርፍ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ ክንዴም ዝሏል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በደንብ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ጥላው ወደ ማዶው ገደል ሲሳብ ነው። ያን ጊዜ ከላይ ድምፅ ሰማሁ።

"አንተ ባለ ሞተር! አለህ ወይ?"

የሰው ድምፅ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። "አለሁ!" ልል ስል የወጣኝ ለቅሶ ነበር።

እትዬ እናኑ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ዶማ በእጃቸው ይዘው፣ ጭቃውን እየተንሸራተቱ ወረዱ። አጠገቤ ሲደርሱ አልጮሁም፣ "ወይኔ" አላሉም። መጀመሪያ ፊቴን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ እግሬን አዩ።

"ይሄን ብረት እኔ አላነሳውም" አሉ። "መሬቱን ግን እቆፍረዋለሁ። አንተ ብቻ አውራኝ፤ እንዳትተኛ። ስምህ ማነው?"

"አለባቸው።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ በደጄ ስታልፍ ስምህን አልነገርከኝም እኮ፣ አለባቸው።"

እየቆፈሩ ጠየቅኋቸው። "እንዴት አወቁ፣ እትዬ?"

"ምኑን?"

"እዚህ መሆኔን።"

ዶማውን አላቆሙም። "ጠዋት ጓሮ ሳርም ስትወርድ ሰማሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አልወጣህም። ዝናቡ ጮኾብኝ ሳልሰማው አልፎ ይሆናል ብዬ ወጥቼ መንገዱን አየሁ። ጭቃው ላይ ሽቅብ የወጣ ፈለግ የለም። መውጫው ደግሞ አንድ ነው።"

"ሁልጊዜ ያያሉ?"

"ማንም ይውረድ፣ ሲወጣ አያለሁ።" የቆፈሩትን አፈር በመዳፋቸው ዛቁ። "ባሌ በዚህ በኩል ነው የወረደው፤ ማር ሊገዛ። ሲመሽ አልመጣም። እህቱ ታች ናት፣ እሷ ዘንድ አድሮ ነው ብዬ ተኛሁ። አለባቸው፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ተኛሁ! በማግስቱ ገደል ሥር አገኙት። ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት ነበር አሉ፤ ሣሩን ነጭቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወርዶ ያልወጣ ሰው ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

የነጠላቸውን ጫፍ ያዝኩ። "ከመንገዱ ወጥቼ ነበር እኮ" አልኩ። "እዚህ ድረስ በምን መጡ?"

"የድሮው ጎማህ ቢሆን ዝናቡ አጥቦት አላገኝህም ነበር። ይሄ አዲሱ ምን ዓይነት አውሬ ነው? መሬቱን እንደ ጅብ ነክሶታል። ጥርሱ የገባበት ሁሉ ውኃ አቁሯል፤ እሱን እያየሁ መጣሁ።"

እግሬ ሥር የነበረው አፈር ሲለቅ ሞተሩ ትንሽ ሰመጠና ቆመ። በብብቴ ይዘው ሳቡኝ። እንዴት እንደጮህኩ አልነግራችሁም። ከዚያ እትዬ እናኑ ዘለግ ካለ ድንጋይ ላይ ወጥተው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ታች ተጣሩ። ድምፃቸው ገደል ለገደል ሄዶ ታች ካለው መንደር ምላሽ መጣ። ብዙ ሳይቆይ አሥር ያህል ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ።

ያንን ጉዞ እስክሞት አልረሳውም። ተዳፋቱን ሽቅብ፣ በጭቃ፣ አራት አራት እየሆኑ እየተቀያየሩ ተሸከሙኝ። አንዱ "እስከ ቀትር ነው የጠበቅንህ ዶክተር፤ የሌሊቱ ዝናብ ያስቀረህ መስሎን ተበተንን፤ ይቅር በለን" አለኝ። ሌላው "ተራው የእኔ ነው፣ ልቀቅ! ጊደሬን ያዳነው እኮ ነው" እያለ ከባልንጀራው ጋር ተጨቃጨቀ። ጊደሯን አስታወስኳት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት ቀይ ጊደር ናት። የሰውየውን ስም ግን አላውቀውም ነበር። የእያንዳንዱን ከብት ሕመም አውቃለሁ፤ ከተሸከሙኝ ሰዎች ውስጥ በስሙ የምጠራው አንድ እንኳ አልነበረም። ቃሬዛው ላይ ሆኜ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። አንማው፣ ስማቸው፣ ደሴ፣ ምንይችል... የሚያቃዠኝ መሰላቸው።

እግሬ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ቢቸና ጤና ተቋም ውስጥ ተኝቼ ሳለ አከራዬ እያለቀሱ መጡና "ለፋንታነሽ በማን በኩል እንንገራት?" አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ነበር። ዱሮ ቢሆን "ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን" እል ነበር።

"አይነገራትም" አልኩ። "ፋንታነሽ ትታኛለች። ከተወችኝ ቆይቷል።"

ያን ቃል ከአፌ ሳወጣ የምሞት ይመስለኝ ነበር። አልሞትኩም። አከራዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቢቸና መንገድ ላይ "ደወለች?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። "አንተስ እንዴት ነህ?" ነው የሚሉኝ። ይህንን ጥያቄ ለሦስት ዓመት የዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ወዳድ ሆንኩ፣ ብቸኝነት ጠፋልኝ ብዬ አልዋሻችሁም። እግሬ ድኖ ወደ ቆላው ስመለስ እትዬ እናኑ ቤት ሞተሩን አጥፍቼ እገባ ነበር። ሁለታችንም ብዙ አናወራም፤ እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ፣ እኔ እቀመጣለሁ። እሳቸው ካረፉ አሁን ዓመታት አልፈዋል። እኔም ወደ ሞጣ ተዛውሬ ብቻዬን ነው የምኖረው። አላገባሁም። አንዳንድ ማታ ቤቴ ከሚገባው በላይ ዝም ይላል። ብቻ መሆንና መውጣት መግባትን የሚቆጥር ሰው ማጣት አንድ እንዳልሆኑ ግን ተምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ሰው ይችለዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በአጠገባችሁ ዝምተኛ ሰው ካለ፣ በጓሮ መንገድ የሚሄድ፣ ጠላ ስትቀዱለት "እቸኩላለሁ" የሚል ሰው ካለ፣ ውሎውን እወቁት። እንዲያወራችሁ አታስገድዱት። መግባቱን ብቻ እወቁ።

ባለፈው ክረምት እኔ በተከራየሁበት ግቢ አንድ አስተማሪ ገባ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ከሌላ ወረዳ የተዛወረ፣ ሰላምታው አጭር የሆነ ሰው ነው። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የበሩን ቁልፍ እሰማለሁ። አንድ ቀን አልሰማሁም። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ተነሥቼ ሄጄ አንኳኳሁ። ለካ ቀደም ብሎ ገብቶ ተኝቶ ኖሯል። በሩን ከፍቶ ቅር ባለው ፊት አየኝ።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ምንም" አልኩ። "ገብተህ እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ገብቻለሁ።"

"እሺ፣ ደህና እደር" ብዬ ዞርኩ። ግቢውን አቋርጬ ቤቴ እስክገባ ድረስ የበሩን መዘጋት ጠበቅሁ። አልዘጋውም፤ ቆሞ ያየኝ ነበር።